የሙሽሪት ስንጥቅ

እኔ ጠንቃቃ ሴት ነኝ። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። መመካት ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ፤ ደግሞም ጠንቃቃ ስለሆንኩ ከመመካቴ በፊት ግራና ቀኝ እመለከታለሁ። አርባ ንዱ በሚሉን መንገድ ሠላሳ እነዳለሁ። ቻምበርስ ሮድ ላይ ከኋላዬ የተሰለፈውን መኪና ያየ ሰው ቀብር የምመራ ይመስለዋል። እንቁላል ስገዛ አሥራ ሁለቱንም ከካርቶናቸው አንድ በአንድ አንሥቼ ታቻቸውን አያለሁ። ሥራዬ አዛውንት መንከባከብ ነው፤ ክኒን ስሰጥ ሦስት ጊዜ እቆጥራለሁ፤ አንድ ጊዜ በአብ፣ አንድ ጊዜ በወልድ፣ አንድ ጊዜ በመንፈስ ቅዱስ።

ጠንቃቃ ሰው ሲወድቅ ድምፁ ከሌላው ሰው አወዳደቅ ይበልጣል። ተረት እንዳይመስላችሁ፤ አሁን እኔ ነኝ ያልኩት። ለምን እንዳልኩት ደግሞ ላጫውታችሁ።

ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ያለን አበሾች አንድ የጋራ ሀብት አለን። ቤተ ክርስቲያኑን ማለቴ አይደለም፤ እሱ የእግዚአብሔር ነው። መኪና ናት። በወረቀት የጋሽ ዘለቀ ናት፤ በተግባር ግን ልጅ የሚድር ሁሉ ናት። እኔ ሳልወለድ የተሠራች፣ ሰማይ የመሰለች ሰማያዊ፣ ጣሪያዋ ነጭ ሸራ ሆኖ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ኮንቨርቲብል። ጋሽ ዘለቀ ዕድሜ ልካቸውን የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ኖረው ጡረታ ሲወጡ የገዟት የመጀመሪያዋ የራሳቸው ቅንጦት ናት። ሙሽራ ስለምታጓጉዝ ስሟ ሙሽሪት ነው። ከትንሣኤ በኋላ ባለው የሰርግ ወቅት እሷን ለመዋስ የሚጠበቀው ወረፋ ኤምባሲ ደጅ አይታይም።

ጋሽ ዘለቀ ሙሽሪትን ሲያውሱ ቃል ያስገባሉ። አንደኛ፣ ከኋላ ከሦስት ሰው በላይ አይቀመጥም። ሁለተኛ፣ ጠጠር መንገድ አትሄድም። ሦስተኛውን ሲናገሩ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ።

«ይቺን መኪና ይህን ያህል ዘመን ሳውስ፣ ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም እንደወሰዳት ነው የመለሳት። ሕዝባችን አደራ አክባሪ ነው። አንቺም አደራሽን።»

ያ «አንድ ሰው» ፍቃዱ ነው።

ፍቃዱን ሳታውቁት ነገሬ አይገባችሁም። ፍቃዱ ከአራት ዓመት በፊት ሙሽሪትን ለወንድሙ ሰርግ ተዋሰ። በማግስቱ መኪናዋን ይዞ መጣና፣ «ጋሽ ዘለቀ፣ ከበሩ ኋላ ቀለሟ ተሰንጥቋል፤ እኔ ጋ ሳለች ነው» አላቸው። አለቀ። ጋሽ ዘለቀ የመኪናዋን ግራ ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስቀቡ፤ ፍቃዱም «ሰንጣቂው ፍቃዱ» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ወንበር የሚያውሰው፣ ድንኳን የሚያውሰው ጠፋ። እኔ እንኳን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ለልጁ ክርስትና ትልቁን ድስቴን ሲጠይቀኝ «ድስቱ ለማኅበር የተለየ ነው፤ ለሌላ አይወጣም» ብዬ መለስኩት። በሳምንቱ ለአንዷ ለልደት አወጣሁት። ፍቃዱ ብዙም ሳይቆይ ቤቱን ለውጦ፣ ከእኛ ራቅ ብሎ ቶርንተን ገባ። «ሄደ?» አልን። «ሄደ።» «እሰይ፣ ዕቃችን ተረፈ።»

የእህቴ ልጅ ስታገባ ተራው ደረሰኝና ሙሽሪትን ተዋስኩ። ጋሽ ዘለቀ በሰርጉ ማግስት ዳላስ ያለችውን ልጃቸውን ሊጠይቁ ስለሚሄዱ፣ «ሁለት ሳምንት አንቺ ጋ ትቆይ። ካንቺ የተሻለ ጠባቂ የት አገኛለሁ?» አሉኝ። ይህን ስሰማ ትንሽ ተመካሁ። እዚያ ጋ ነው የተቀጣሁት።

ሰርጉ አማረ። ሲቲ ፓርክ ፎቶ ሊነሡ ሲሄዱ ሙሽሮቹ ፎቶ አንሺው እንዳላቸው ከኋላ መቀመጫው መደገፊያ ላይ ወጥተው ተቀመጡ፤ ከሥራቸው ሦስት ሚዜ ተጠቀጠቀ። አምስት ሰው። «ውረዱ!» ብዬ ጮህኩ። እልልታው ውጦኝ፣ እኔም እልል ያልኩ መስሏቸው እልልታውን ጨመሩት።

በማግስቱ ሰኞ፣ ሪባኑን ልፈታ፣ አቧራዋን ልጠርግ እርጥብ ጨርቅ ይዤ ወረድኩ። ከግራው በር ኋላ፣ የኋላውን ጎማ የሚሸፍነው ፓራፋንጎ ከጎን ቆርቆሮው ጋር በሚገናኝበት መጋጠሚያ ላይ ስደርስ ጨርቁ ያዝ አደረገኝ። ጎንበስ አልኩ። ስንጥቅ። የጣት ርዝመት ያላት፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች። ያቺው የፍቃዱ ቦታ!

መጀመሪያ የመጣልኝ ጸሎት ቢሆን ደስ ባለኝ፤ የመጣልኝ ግን «ሰንጣቂዋ» የሚለው ቃል ነው። ከመቅደስ እስከ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ እስከ ገበያ፣ በስሜ ፊት ተለጥፎ ታየኝ። የገዛሁት እንዳይበላሽ፣ ያበሰልኩት እንዳያር ስጠነቀቅ ያተረፍኩት ስም በአንዲት ፀጉር ሊያልቅ ነው።

ልጄ ሩት እዚሁ የተወለደች ስለሆነች ነገር አታከብድም። «እማ፣ ጀስት ቴል ሂም። ኢትስ አ ካር» አለችኝ።

«ፍቃዱ ነግሯቸው ምን ሆነ?»

«ሁ ኢዝ ፍቃዱ?»

«አየሽ? አንቺ እንኳን አታውቂውም፤ ያን ያህል ጠፍቷል!» አልኳት።

ስለዚህ ለብቻዬ ልጠግናት ወሰንኩ። መጀመሪያ ለቅዱስ ገብርኤል ተሳልኩ፤ ስንጥቁን ከዘጋህልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ አልኩት። ጣሪያ ለሌላት መኪና ጃንጥላ መሳል የሚገባ መሰለኝ። ከዚያ፣ መልአኩን ሥራ እንዳላበዛበት ብዬ፣ ራሴም ትንሽ ላግዘው ተነሣሁ። ቤት ውስጥ ቁራጭ ጧፍ አለኝ። በመዳፌ አሙቄ አለሰለስኩት፣ ሰሙን በጥፍሬ ስንጥቁ ውስጥ ጠቀጠቅኩት፣ በላዩ የሩትን ሰማያዊ የጥፍር ቀለም ቀባሁበት። እውነት እላችኋለሁ፣ አላየሁትም እስክል ድረስ ጠፋ! «ገብርኤል!» ብዬ እልል ልል አፌን ይዤ ተውኩት።

እስከ እኩለ ቀን ነው የቆየው። ኮሎራዶ ማለት ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ለፀሐይ አንድ ፎቅ ቀርበን የምንኖርበት አገር ነው። ሰሙ ቀለጠ፤ ሰማያዊውን ቀለም ይዞ በጎኗ ላይ ቁልቁል ወረደ። ሙሽሪት አለቀሰች። ሥዕል ብትሆን ኖሮ ሕዝብ ይሰበሰብ ነበር።

በዚሁ መሐል ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ዘለቀ ናቸው፣ ከዳላስ።

«ሙሽሪት እንዴት አደረች?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሽ ዘለቀ፣ እዚሁ አለች።»

«ጭረት ምናምን የለባትም?»

«ኧረ ጭረትስ የለባትም!» ጭረት ሌላ፣ ስንጥቅ ሌላ። ዋሸሁ እንዳትሉኝ።

«ጥላ ሥር ናት?»

«ከዓይኔ አልለያትም። ማርያምን፣ ስለ እሷ ስጸልይ ነው የምውለው።»

«ተባረኪ ልጄ። እንዳንቺ ያለውን ያብዛልን!»

ስልኩን ዘግቼ አሥር ስግደት ሰገድኩ። እሳቸው ግን በየቀኑ ይደውላሉ፤ እኔም በየቀኑ አንዲት ቃል ሳልዋሽ አንዲት እውነት ሳልናገር እመልሳለሁ፤ አሥሬም እሰግዳለሁ። በሳምንቱ መጨረሻ ጉልበቴ ላልቶ ደረጃ የምወጣው የእጅ መደገፊያውን ይዤ ሆነ። ሐሰት ባይሆንም ያደክማል።

ሁለተኛው ሙከራዬ ዘመናዊ ነው። ሩት ከስልኳ ላይ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። ሰውየው እያፏጨ ስንጥቁን ይፍቃል፣ በስቱኮ ይደፍናል፣ ያለሰልሳል፣ ይቀባል፤ በአራት ደቂቃ አልቆ ፈገግ ይላል። ያ ፈገግታ ነው ያጠፋኝ። ከመኪና ዕቃ መደብር ስቱኮና የብርጭቆ ወረቀት ገዝቼ፣ ነጠላዬን አገልድሜ ተንበረከክሁ። ለሌላ ጉዳይ ነው እንጂ ለመንበርከክ አዲስ አይደለሁም።

ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ሰማያዊው ሄደ፤ ከሥሩ ሌላ ሰማያዊ መጣ። እሱን ስፍቀው ነጭ ነገር መጣ። ከነጩ ሥር ሦስተኛ ሰማያዊ፣ ትንሽ የቦዘ። «ምን ዓይነት መኪና ናት፣ እንደ ሽንኩርት?» አልኩ። ግራ የገባኝ ግን ስንጥቁ ነው። በፋቅሁት ቁጥር ይረዝማል። ጣት የነበረው ስንዝር አከለ፤ ስንዝር የነበረው ወደ ክንድ ገሰገሰ። ቶሎ ልድፈነው ብዬ ስቱኮውን ከማጠንከሪያው ጋር አዋሃድኩ። ማጠንከሪያው ሲበዛ ወዲያው ድንጋይ ይሆናል ይላል ካርቶኑ። እኔ ደግሞ ጠንቃቃ ነኝ፤ ጠብታ ብቻ ጨመርኩ። ለጥፌ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት። አሁንም እንደ ሽሮ ነው።

በዚያ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። የኦሮራን በረዶ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መኪና የሚቀጠቅጥ፣ የጎልፍ ኳስ የሚያህል። ያቺ ምስኪን ደግሞ ጣሪያዋ ሸራ ነው! ቤት ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ፣ ወፍራሙንም የሱፍ አልጋ ልብስ ጭምር ተሸክሜ ወርጄ አለበስኳት። አንድ ፍሬ በረዶ አልወረደም። ደመናው ወደ ካንሳስ አለፈ። ብርድ ልብሱን ልገፍፈው ስስብ አልለቅ አለ። ስስበው፣ ሲስበኝ፣ በመጨረሻ ሱፉን ስቱኮው ላይ ትቶ ተለያየን።

ሙሽሪት ጢም አበቀለች።

ሩት በረንዳ ላይ ሆና ታየኛለች። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣችንና ገባች።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ጀማል የሄድኩት። ጀማል የመርካቶ ልጅ ነው። ኦሮራ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለው። አባቱ ባትላሜራ፣ አያቱ ባትላሜራ፤ የተጣመመ ቆርቆሮ ሲያይ እጁ ይበላዋል። ሙሽሪትን በዝግታ ነድቼ፣ ጢሟን በነጠላ ሸፍኜ፣ ጋራዡ ውስጥ አስገባኋት። ነጠላውን ሳነሣው ጀማል ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ።

«እህቴ፣ ይሄ መኪና ነው ወይስ የዓረፋ በግ?»

«ጀማል፣ ወንድሜ፣ እስከ ቅዳሜ ብቻ። ለዓይን ብቻ አብራልኝ። ቅዳሜ ማታ ጋሽ ዘለቀ ይመጣሉ።»

«የጋሽ ዘለቀ ናት?» አለና ከጎኗ ቁጭ ብሎ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ የድሮ ወዳጁን እንዳገኘ ሁሉ ሳቀ። «ይቺንማ አውቃታለሁ። ሁለት ጊዜ እዚህ መጥታለች።»

«ማን ይዟት?»

«እሱን አልነግርሽም። አስምለውኛል። ወላሂ፣ እኔ እኮ ቀለም ቀቢ ሆኜ አልቻልኩም፤ ያንቺን ቄስ ሥራ ነው የምሠራው። ሁሉም መጥቶ ይናዘዝና፣ ሸፍንልኝ፣ ለማንም እንዳትናገር ይላል። ልዩነቱ ቄሱ ሁለተኛ እንዳይደግሙት ይመክራሉ።»

ከዚያ መፋቂያውን አንሥቶ ጀመረ። ጢሙ ሄደ። የጧፌ ሰም ሄደ። ጀማል ቀስ እያለ፣ እንደ መጽሐፍ ቅጠል እየገለጠ ወረደ።

«ይሄ ቀለም የራሴ ነው፤ ያምናው። ይሄ ከሥሩ ያለው የእኔ አይደለም፤ አንድ ችኩል ሰው በጣሳ የረጨው ነው፣ አየሽ ዝንብ እንኳን ተለጥፎበታል። ይሄኛው ደግሞ የእኔ፤ የዛሬ ሦስት ዓመቱ። አሁን ይሄን እይ፤ ይሄ ጥሩ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎኑን በሙሉ ይሄዳል።»

እሱን አወቅኩት። ፍቃዱ ሰነጠቀ ከተባለ በኋላ ጋሽ ዘለቀ ያስቀቡት ነው። እፎይ ልል ስል ጀማል መፋቁን ቀጠለ።

«ሌላም አለ እንዴ ከዚህ በታች?»

«አለ። ስቱኮ፣ እንደ ግድግዳ የወፈረ። ከሥሩ አንድ ሌላ። ከሁሉም በታች ደግሞ በእጅ ብሩሽ የተቀባ፣ ወደ አረንጓዴ የሚወስደው። ሰባት። ካንቺ በግ ጋር ስምንት።»

ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ። ከፍቃዱ በኋላ ሦስት። እሺ። ከፍቃዱ በፊት ሦስት! ስንጥቁ ፍቃዱ ቁልፉን ሳይነካ በፊት ነበረ ማለት ነው። ያ ሁሉ «እንደወሰዳት የመለሳት» ሕዝብ፣ እያንዳንዱ እንደ እኔ በአንድ ጠዋት እርጥብ ጨርቅ ይዞ ወርዶ፣ እንደ እኔ ሲደፍን ሰንብቶ፣ ነዳጅ ሞልቶ፣ የኋላ ወንበሯ ላይ ድፎ ዳቦ አስቀምጦ፣ «ጋሽ ዘለቀ፣ እንደሰጡኝ ይኸው» ብሏል። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስማ!

«ታዲያ ለምንድን ነው የሚመለሰው ይሄ ስንጥቅ?» አልኩት።

ጀማል በሩን ከፍቶ ቀስ ብሎ ገጠመው። «እዚህ ላይ እይ። የበሩ ክፍተት ከታች ጣት ያስገባል፤ ከላይ ወረቀት አያስገባም። ጣሪያ ያለው መኪና ጣሪያው ይይዘዋል። ይቺ ጣሪያ የላትም፤ ሰው ሲከመርባት መሐሏ ይጎብጣል። ከበሩ ሥር ያለው ቆርቆሮ ደግሞ ዝጎ አልቋል። ስትጎብጥ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ስትቃና ይዘጋል፤ እንደ አፍ። ስቱኮ ደግሞ ደረቅ ነው፤ አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል። የታመመው ወገቧ ነው፤ እናንተ ግን ፊቷን ነው የምትኳሏት። ራስ ሳይጠና ጉተና!»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል፣ በደንብ ቢሠራ?»

«ወር። ወገቧን ደግፌ አቃናለሁ፣ የዛገውን ቆርጬ እበይዳለሁ፣ መጋጠሚያውን እስከ ቆርቆሮው ድረስ አራቁቼ እሱንም እበይዳለሁ፣ ከዚያ ቀለም።» መፋቂያውን አስቀመጠ። «ካልፈለግሽ ስምንተኛዋን ልቀባልሽ። እችላለሁ። ቅዳሜ ታበራለች። በሚመጣው ሰርግ ትሰነጠቃለች፤ የሚቀጥለው ሰው ይደነግጣል፤ እኔም እንጀራዬን እበላለሁ።»

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ አፌ ላይ የነበረው «ቀባልኝ» ነው። ነገ ተመለሺ ብሎኝ ቤቴ ገባሁና ጸለይኩ። መልስ አልመጣም። ወይም መልሱ መጥቶ አልወደድኩትም። ዳዊት ልደግም መጽሐፉን ሳወጣ፣ ከመደርደሪያው በላይ ትልቁ ድስቴ ተቀምጦ ያየኛል። ለማኅበር የተለየው ድስት። መጽሐፉን ዘጋሁና ለጀማል ደወልኩ።

«አትቀባት» አልኩት። «እንደ ተራቆተች ተዋት።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሞልቷል። ጋሽ ዘለቀ ሻይ ይዘው፣ ስለ ዳላስ ሙቀት ያወራሉ። አጠገባቸው ቆምኩና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ሙሽሪት ተሰንጥቃለች።»

እዚያ ጥግ ያለች አንዲት ሴት «ውይ፣ እሷም?» ስትል በግልጽ ሰማሁ።

«እንዴት አድርገሽ?» አሉኝ ጋሽ ዘለቀ።

«አምስት ሰው አስቀምጬባት። እኔ የሰነጠቅኋት መስሎኝ ስደፍናት ሰነበትኩ፤ በየቀኑ ሲደውሉልኝም ደበቅኩዎት። በኋላ ጀማል ሲፍቃት ግን ሰባት ንብርብር ተገኘባት። በእኔ ቦታ ላይ ሰባት ጊዜ ተደፍናለች።»

ጉድ በሉ አሁን። አዳራሹ ውስጥ አምስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ኩባያቸው ውስጥ አንድ ነገር ጠፋባቸው። ስኳር በሽታ ያለበት አንድ ሰው ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረ። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያችን የግድግዳውን ካላንደር ማንበብ ጀመረች፤ ያለፈውን ወር።

ጋሽ ዘለቀ የሻይ ኩባያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ፣ «ከሁሉም በታች ያለው ምን ቀለም ነው?» አሉ።

«በብሩሽ የተቀባ ነው። ወደ አረንጓዴ የሚያደላ።»

ኮፍያቸውን አወለቁ። «እሱ የእኔ ነው» አሉ። «ስገዛት ትንሽ ስንጥቅ ነበረባት። ባለቤቴ እንዳታየው ቀባሁት። በኋላም ማንም የተሰነጠቀ ነገር ሳይነግረኝ ሲቀር የዳነች መሰለኝ። እውነቴን ነው። የዳነች መሰለኝ።» ኮፍያውን በእጃቸው አዞሩት። «እና ፍቃዱ?»

አምስቱም ወደ ኩባያቸው ተመለሱ።

ከዚያ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እኔም ብሆን ትንሽ ነካ አድርጌያታለሁ።» ሁለተኛው ቀጠለ። ሦስተኛዋ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አምስቱም ወጡ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደግሞ የማን አደፋፈን ይሻል እንደነበር ይከራከሩ ጀመር።

«የእኔ ቢያንስ ተለስልሶ ነበር!»

«ያንተማ ዝንብ አለበት!»

በመጨረሻ፣ እንደ ልማዳችን፣ ኮሚቴ ተቋቋመ። የሙሽሪት ወገብ ጠጋኝ ኮሚቴ፣ ሊቀ መንበርና ጸሐፊ ያለው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብሎ ሊቀ መንበሩ ስብሰባውን ከፈተ፤ ዝንቡ የእሱ ነበር። ፍቃዱን ይቅርታ መጠየቅ የሚለው ጉዳይ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር በመጨረሻ ተያዘ። ሰዓት አልበቃም። በሚቀጥለውም ስብሰባ አልበቃም።

ሙሽሪት በወሯ ወጣች። ጀማል በሩን ከፍቶ ዘጋልኝ፤ ከላይም ከታችም እኩል ጣት ያስገባል። ለገብርኤል ጃንጥላውን አስገባሁ፤ ስንጥቁ ተዘግቷልና፣ በየትኛው መንገድ ይዘጋ ብዬ አልተዋዋልኩም።

ያን ቅዳሜ ትልቁን ድስቴን ከመደርደሪያው አውርጄ፣ በመኪናዬ የፊት ወንበር ላይ ቀበቶ አሥሬለት፣ ቶርንተን ሄድኩ። ፍቃዱ በሩን ከፈተ። እኔን አየ፤ ድስቱን አየ።

«ምን ይዘሽ ነው፣ እህቴ?»

«ድስት ነው። ለልጅህ ክርስትና የጠየቅከኝ።»

«ልጄ እኮ ትምህርት ቤት ገባ።»

«ለልደቱም ይሆናል» አልኩት፤ ከዚያ ማልቀስ ሲቀድመኝ ድስቱን አቅፌ ደጁ ላይ ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ሰባቱ፣ ስለ ጢሟ፣ ስለ ድስቱ ውሸት። «አንተ ብቻ ነህ እውነቱን የተናገርከው፤ ይቅር በለኝ።»

ፍቃዱ ራሱን አከከ። «ይቅር ለእግዚአብሔር። ግን እንዲያው ጻድቅ እንዳታደርጊኝ። እኔም ስቱኮውን ገዝቼ ነበር። አሠራሩን ሳነበው ረዘመብኝና፣ ከዚህስ መናገሩ ይቀላል ብዬ ነው የሄድኩት።»

ከዚያ ድስቱን ለመቀበል እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው። «ቆይ። ሳራ! ስልክሽን ይዘሽ ነይ!» ሚስቱ መጣች። ድስቱን እኔ ይዤ፣ ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን፣ ከውስጥ ፎቶ አስነሣት። እጀታውን ነቀነቀ። በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ አዳመጠው። ከሙሽሪት ወዲህ ቤቱ ውስጥ ዕቃ በውሰት ሲገባ የመጀመሪያው ነበር፤ ራጅ እንኳን ላንሣው ቢል መብቱ ነው።

በሁለት ሳምንቱ ስልኬ ጮኸ።

«እህቴ፣ ፍቃዱ ነኝ። ድስትሽን አሳረርኩት። ታቹ ጠቁሯል፤ መዳፍ ያህላል። ነገ ይዤው እመጣለሁ፤ አይተሽ የምትይውን በይኝ።»

መጣ። ድስቱ ውስጥ ድፎ ዳቦ አለ። ዳቦውን አንሥቼ ገለበጥኩት፤ እውነትም መዳፍ ያህላል።

ሩት አየችውና፣ «እማ፣ ዩ ካን ስክራብ ዛት ኦፍ። ልፋቅልሽ?» አለች፤ የብርጭቆ ወረቀቱ ተርፎኝ ነበርና አመጣችው።

«ተዪው» አልኳት።

ድስቱ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ ነው፤ ጥቁረቱም እንዳለ። የሚዋሰኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ገልብጬ ታቹን አሳየዋለሁ፤ ከዚያ ነው የምሰጠው።